ማስነጠስ ክልክል ነው

መሐንዲሱ የሞተው በሥራ ሰዓት ነው። በዚያ ቢሮ ግን የሥራ ሰዓት ያልሆነ ሰዓት አልነበረም፤ ይህን ሁሉም በየተራ ለኢንስፔክተሩ ነገሩት፣ አንዳንዱ እየተኩራራ፣ አንዳንዱ በረጅሙ እየተነፈሰ።

አስከሬኑ ከሦስተኛው ፎቅ ወደ ሁለተኛው በሚወርደው የኋላ ደረጃ መታጠፊያ ላይ በጀርባው ተጋድሟል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቷል፣ አንዱ ጫማው ሦስት ደረጃ ከበላዩ ቀርቷል። ያገኙት የሕንፃው ጥበቃ ናቸው፤ አሥር ሰዓት ላይ ቆጣሪ ሊያነቡ ሲወጡ። ኢንስፔክተሩ ሲደርስ አሥር ተኩል ሆኖ ነበር። አሳንሰሩ ስለማይሠራ ፎቆቹን በእግሩ ወጣ፤ አስከሬኑንም ያየው ግድግዳ ተደግፎ ትንፋሹን እየሰበሰበ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት በምርመራ ሥራ ጥርሱን የነቀለ ሰው ነው። ባልደረቦቹ ከኋላው «ቀስ በሉ» ይሉታል፤ በቀን ሃያ ጊዜ የሚላት ቃል ስለሆነች። ድሮ ለጥንቃቄ ነበር የሚላት። አሁን አሁን ስለሚደክመውም ይላታል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

«ተንሸራቶ ነው» አለ ሳጅኑ ገና ከመድረሳቸው። «ደረጃው እንደ መስታወት ተወልውሏል።»

«ቀስ በል።»

ሐኪሙ ከተንበረከከበት ቀና አለ። «የቀኝ እጁን አንጓ ተመልከቱት። ሰው አጥብቆ ይዞት ነበር፤ አራት ጣት ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሸሚዙ አዝራርም ተበጥሷል እንጂ አልተፈታም። የተመታው ማጅራቱን ነው።»

«ሲወርድ አይደለም የወደቀው ማለት ነው።»

«ሲወጣ ነው፤ ፊቱ ወደ ላይ እንደዞረ። ከበላዩ ሰው ቆሞ ነበር። ዘጠኝና ዘጠኝ ተኩል መካከል ይመስለኛል።»

ጥበቃው ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ ጥግ ላይ ቆመዋል። ኢንስፔክተሩ ወደ እሳቸው ጠጋ አለ። «አባባ፣ ከዚህ ወጥቶ የሄደ ሰው አለ?»

«በየት በኩል? የኋላው ደረጃ ታች በብረት በር ተቆልፏል፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። በፊት ለፊት ደግሞ ከዘጠኝ እስከ አሥር አንድ ሰው አልወጣም፣ አንድ ሰው አልገባም።»

«ለአፍታም ከበሩ አልተነሡም?»

«ልጄ፣ የኔ ሥራ እኮ መቀመጥ ነው» አሉ፣ ቅር እያላቸው።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ መሐንዲሱ ከሚሠራባት ጠባብ ክፍል በቀር የተከራየ ቢሮ የለም። ነገሩ እንግዲህ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ላሉት አራት ሰዎች ቀረ።

ኩባንያው ሦስተኛው ፎቅ ላይ የእንግዳ መቀበያ፣ በመስታወት የተከለለ የስብሰባ ክፍል፣ የሥራ አስኪያጁ ቢሮና «የማሽን ክፍል» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት አንድ ጓዳ ነበረው። የመቀበያው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በጋዜጣ ቁራጭ ተሸፍኗል። በሁሉም ቁራጭ ላይ ያው ሰው፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ክንዱን አጣምሮ ይስቃል። አንድ ጋዜጣ «ባለራእዩ ወጣት» ብሎ ስለጻፈለት ባለራእዩ የሚለው ስም ሆኖ ቀርቶበታል፤ ጓደኞቹ ሲጠሩት ቀልድ ይሁን ምር የሚያውቅ የለም።

ባለራእዩ ዛሬ አልሳቀም። ዐይኑ ቀልቷል። ኢንስፔክተሩ ኩባንያው ምን እንደሚሠራ ሲጠይቀው፣ ብዙ ጊዜ የተናገረው ነገር ስለሆነ ቃላቱ ራሳቸው ተከታትለው ወጡ።

«እትዬ የምንላት ማሽን አለችን። የወለደች እናት ስልኳ ላይ ትጽፍላታለች፤ ልጄ አለቀሰ፣ ልጄ አስመለሰው ትላለች። እትዬ ወዲያው ትመልስላታለች። አትተኛም፣ አትቆጣም፣ አይደክማትም።»

«ታድላ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ስንት እናቶች ይጠቀሙባታል?»

«ስድስት መቶ።»

«ጋዜጣው ስድስት ሺህ ይላል።»

«እያደግን ነው።»

«የምትመልሰውን ነገር የሚቆጣጠር ሰው አለ? የሕፃን ነገር ነው እኮ።»

«እኔ ነኛ። እያንዳንዷን ንግግር ራሴ አነባለሁ። ያኛው ቁራጭ ላይ ርዕሱ እሱ ነው።» በጣቱ አሳየው። እውነትም ርዕሱ እሱ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጋዜጠኛ ሊዘግብላቸው መጥቶ ነበር። ባለራእዩ እትዬን አስተዋወቀው፤ ከዚያ «እኔ ካለሁ ነፃ ሆነህ አትጠይቃትም» ብሎ ከዘጠኝ ከአሥር ጀምሮ ብቻውን ትቶት ወጣ። «ቢሮዬ ገብቼ ተቀመጥኩ» አለ። «ብቻዬን። ምስክር የለኝም፤ ምስክር እንደሚያስፈልገኝ መቼ አወቅሁና!»

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ መቀበያው ውስጥ ትልቁን ጠረጴዛ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ሥራዋ ጋዜጦችና ጣቢያዎች በር ማንኳኳት ነው፤ ድምፅዋም በልመና ብዛት ሻክሯል።

«ከዘጠኝ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ከአርባ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሰዎችን ስልክ ላይ ይዤ ነበር» አለች። «ለስድስተኛ ጊዜ ነው የምለምናቸው። ፊቴ መስታወቱ ነው፤ ጋዜጠኛውን ሁሉን ጊዜ አየዋለሁ። አፍንጫውን ሲያክ ሁሉ አይቻለሁ፣ አይከፋው።»

«ሌላውስ ሰው?»

አጠገቧ ወዳለው ትንሽ ጠረጴዛ ጠቆመች። «የተለማማጇ ወንበር ባዶ ነበር። ትናንት ከመሐንዲሱ ጋር ማዕድ ቤት ቆመው ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። እሱ ‹አንቺ ብትፈልጊ ዝም በይ፣ እኔ ግን እናገራለሁ› ይላታል። እሷ እያለቀሰች ‹ሥራዬን ልታሳጣኝ ነው› ትለዋለች። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።»

«ለምን?»

«እዚህ ቤት የጠየቀ ተጨማሪ ሥራ ይሰጠዋል።»

ጋዜጠኛው እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር። መኪና ሲነዳ እንኳ የሚያዛጋ ዓይነት። ቤቱ ውስጥ የሦስት ወር ጨቅላ እንዳለች፣ የመጣውም ግማሹን ለዘገባ፣ ግማሹን ለራሱ እንደሆነ ሳይደብቅ ተናገረ። የተዘጋጀለትን ጥያቄ ትቶ የራሱን ነበር የጠየቀው። ስልኩን ለኢንስፔክተሩ ዘረጋለት፤ እሱም መነጽሩን አውጥቶ ቀስ ብሎ አነበበ።

«ሴት ልጄ ሦስት ወሯ ነው። ሲመሽ ሁለት ሰዓት ሙሉ ታለቅሳለች።»

«የእናንተ ጥፋት አይደለም። ደረትህ ላይ በሆዷ አስተኝተሃት እየተራመድክ አንጎራጉርላት። ድምፅህ ባያምርም ግድ የለም፤ እሷ ሌላ ድምፅ አታውቅም።»

ከሱ በታች፣ ዘጠኝ ከሃያ ላይ፣ ጋዜጠኛው «ኧረ ምንድን ነው እንዲህ የወደቀው?» ብሎ ጽፏል። እትዬም «አይዞህ፣ ደረጃው ላይ ዕቃ ወድቆ ይሆናል። ይልቅ ንገረኝ፣ አልቅሳ ስታበቃ ትጠባለች?» ብላ መልሳለታለች። ወሬው እስከ ዘጠኝ ከአርባ ይቀጥላል።

«ጥሩ ማሽን ናት» አለ ጋዜጠኛው፣ ትንሽ አፍሮ። «ልቤን ነክታኝ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ንግግሩን ሁለት ጊዜ አነበበውና ስልኩን መለሰለት።

ተለማማጇ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ያለ ደመወዝ ስትሠራ ስምንት ወሯ። ሁለት ጣቶቿ ጫፋቸው በፕላስተር ተጠቅልሏል፣ ዐይኖቿ ሥር ጠቁሯል። ስለ ሙያዋ ሲጠይቃት ሒሳብ እንደተማረች፣ ስለ ልጅ የምታውቀው ግን የታላቅ እኅቷን መንትዮች ከእናቷ ጋር ስላሳደገች እንደሆነ ነገረችው። ያን እሱ አልጠየቃትም ነበር።

«ዘጠኝ ከሃያ ላይ የት ነበርሽ?»

«ወረቀት ልገዛ ወጥቼ ነበር።»

«ከየት ገዛሽ?»

«ሱቁ ዝግ ነበር።»

«በየት በኩል ወጣሽ ልጄ?»

«በፊት በር።»

ሳጅኑ በበሩ ላይ ቆሞ ፊቱ በራ። ጥበቃው ያሉትን ለመድገም አፉን ሲከፍት ኢንስፔክተሩ በእጁ አስቆመው። ልጅቷ ግን ገባት። ጭኗ ላይ ያሉ እጆቿን ማየት ጀመረች። ከዚያ በኋላ የጠየቃትን ሁሉ «አላውቅም» እያለች ዘለቀች፤ መዋሸት ሳይሆን መጠበቅ ነበር የሚመስለው፣ አንድ ሰው መጥቶ የሚያድናት ያህል።

«አለቀ» አለ ሳጅኑ በኮሪደሩ። «ጠብ ነበራቸው፣ ወንበሯ ባዶ ነበር፣ ወጣሁ ያለችው ሐሰት ነው። ጌታዬ፣ ራሱን ይህን ያህል ገልጦ የሰጠን ተጠርጣሪ ከየት እናመጣለን?»

«ወደ ጣቢያ ትሂድ» አለ ኢንስፔክተሩ። «አንተ ግን የማሽን ክፍሉን ክፈትልኝ።»

ጓዳው ከኋላው ደረጃ በር ሁለት እርምጃ ነው። በሌላ ወገን ከስብሰባው ክፍል የሚለየው አንድ ቀጭን የጣውላ ግድግዳ ነው። ሳጅኑ መብራቱን ሲያበራ ብልጭ ድርግም የሚሉ ማሽኖች ጠብቆ ነበር። ያገኘው ግን አንዲት ተጣጣፊ ጠረጴዛ፣ አንድ ስክሪን፣ ፊደሎቹ የደበዘዙ የመጻፊያ ሰሌዳ፣ ትራስ የተደረገበት ወንበር፣ በወንበሩ ጀርባ የተንጠለጠለ ሹራብ ነው። በጫማ ካርቶን ውስጥ የተደረደሩ ካርዶች አሉ፤ «ጥርስ»፣ «ተቅማጥ»፣ «እንቅልፍ» የሚል ተጽፎባቸዋል። ግድግዳው ላይ ደግሞ፣ በተቀመጠ ሰው ዐይን ልክ፣ በወፍራም ቀለም የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል።

ማስነጠስ ክልክል ነው። ማሳልም።

ኢንስፔክተሩ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየው። «ሳጅን፣ ማሽን ያስነጥሳል?»

ሳጅኑ አፉን ያዘ።

ባለራእዩ ሲጠራ በሩ ላይ ቆሞ ጓዳውን አየ፤ ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ጠራረገ። የተያዘ ሰው ይመስል ነበር፤ ኢንስፔክተሩ ግን ትከሻው ሲላላ፣ ሸክም እንዳወረደ ሰው ሲሆን አየው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ቀላል ኑዛዜ ሁሌም ጆሮውን ያስቆመዋል።

«እሺ፣ ማሽኗ የለችም። ገና እየሠራናት ነው። ጀማሪ ኩባንያ ሁሉ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ታወራለህ፣ ከዚያ ወሬህን ትደርስበታለህ። ካርዶቹን እያየ ሰው ይመልሳል።»

«ዛሬ ማን ነበር?»

«እኔ። ቢሮዬ ነበርኩ ያልኩት ውሸቴን ነው፤ አፍሬ ነው። ከዘጠኝ ከአሥር እስከ ዘጠኝ ከአርባ እዚህ ወንበር ላይ ነበርኩ። ጋዜጠኛው ይጽፋል፣ እኔ እመልሳለሁ። የእያንዳንዱ መልስ ደቂቃ ተመዝግቧል፣ ጠይቁት። ነውር ነው፣ አላስተባብልም። ሰው መግደል ግን አይደለም።»

«ልክ ነህ፣ አይደለም። ስለ ምን አወራችሁ?»

«ስለ ልጅ ነዋ! ስለ እንቅልፍ። ማን ያስታውሰዋል።»

«ደረጃው ሁለት እርምጃ ነው። የሰማኸው ነገር የለም?»

«ምንም። ምንም አልሰማሁም።»

ኢንስፔክተሩ ይህንንም ማስታወሻው ላይ ጻፈና አመሰገነው።

ማታ ጣቢያ ሲመለስ የተለማማጇን እናት በሩ ላይ አገኛቸው። ብርድ ልብስ በፌስታል ይዘዋል። «ልጄን ተሳስታችሁ ነው የያዛችኋት» አሉት። «እሷ እኮ ትልቅ ኩባንያ ተቀጥራለች። ቋሚ ናት።» የዚያች ልጅ እጅ ላይ ስምንት ወር ሙሉ አንድ ሳንቲም እንዳልደረሰ ያውቃል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ብርድ ልብሱን ተቀበላቸውና ራሱ ወስዶ ሰጣት።

በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም የስብሰባው ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ባለራእዩ በረጅሙ ጠረጴዛ ራስጌ፣ እንደ ልማዱ ተቀመጠ። የሕዝብ ግንኙነቷ ስልኳን ፊቷ ደፍታዋለች። ጋዜጠኛው ከትናንቱ የባሰ ደክሞታል። ተለማማጇ ከሳጅኑ አጠገብ ናት፤ እናቷ ታች ከጥበቃው ጋር ተቀምጠዋል። ኢንስፔክተሩ አልቆመም፣ አልተንጎራደደም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና እንደ ደከመ መምህር በዝግታ ጀመረ።

«አራት ሰዎች ነበራችሁ። ጋዜጠኛው መስታወት ውስጥ ነበር፣ እኅታችን ስታየው ነበር። እኅታችን ደግሞ ስልክ ላይ ነበረች፤ የጣቢያውን ሰዎች ጠይቄያለሁ፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ አደነቆረችን ብለዋል። ስለዚህ ሁለት ሰው ቀረ። ሁለቱም ዋሽተውኛል።»

ጋዜጠኛው እጁን አነሣ። «እትዬስ? እሷ መዝገብ አላት...»

«እትዬ የለችም ወንድሜ። ያቺ ግድግዳ ከኋላዋ ጓዳ ነው፣ ጓዳው ውስጥ ወንበር ነው፣ ወንበሩ ላይ ሰው ነው። ሰውየው እንዳያስነጥስ በጽሑፍ ተከልክሏል፤ ቢያስነጥስ ትሰማው ነበርና።»

ጋዜጠኛው ወደ ግድግዳው ዞረ። ፊቱ ቀላ። የሕዝብ ግንኙነቷ ዐይኗን ጨፈነች። «የማሽን ክፍል ውስጥ ትራስ ምን ይሠራል ብዬ ጠይቄ አላውቅም» አለች ዝግ ብላ።

«እንግዲህ ነገሩ ቀላል ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። «ከሁለቱ አንዱ ጓዳው ውስጥ ሲጽፍ ነበር። ሌላው ደረጃው ላይ ነበር። የጻፈው ማን እንደሆነ ካወቅን አበቃ።»

«ነገርኩዎት እኮ» አለ ባለራእዩ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሷ ራሷ ታውቃለች።»

ተለማማጇ ከትናንት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። ቀጥ ብላ አየችው። ፍርሃት አልነበረም ፊቷ ላይ፤ ድንገት የገባት ሰው ፊት ነበር። ኢንስፔክተሩ እሷን እንጂ እሱን አያይም ነበር።

«የጋዜጠኛው ልጅ» አለ፣ ዐይኑን ሳይነቅል፣ «ወንድ ነው ሴት?»

ባለራእዩ ወደ ጋዜጠኛው ሰረቅ አድርጎ አየ። «ወንድ።»

«ሴት ናት» አለ ጋዜጠኛው።

«ልሳሳት እችላለሁ! ሥራ ላይ ሆኜ ነው፣ ሁሉን...»

«ቀስ በል። ግማሽ ሰዓት ስለ እሷ ነው ያወራችሁት። ግን እሺ፣ ይሁን፣ ሰው ይረሳል። ትናንት ጓዳው ውስጥ ሳለህ ምን ሰማህ ብዬህ ነበር። ምን አልከኝ?»

«ምንም አልሰማሁም።»

ኢንስፔክተሩ የጋዜጠኛውን ስልክ ተቀብሎ አነበበ። «ዘጠኝ ከሃያ። ጋዜጠኛው ‹ምንድን ነው እንዲህ የወደቀው?› ይላል። የት እንደወደቀ አልጻፈም፤ እሱ መስታወት ውስጥ ሆኖ አያውቀውም። መልሱ ደግሞ ‹አይዞህ፣ ደረጃው ላይ ዕቃ ወድቆ ይሆናል› ነው። ደረጃው ላይ! ጓዳው ውስጥ የነበረው ሰው ሰምቷል፤ ከየት እንደመጣም ለይቷል። አንተ ግን አልሰማሁም አልክ፤ ከዚያ ድምፅ ለመራቅ ብለህ። ገዳዩ ደግሞ በዚያች ደቂቃ ቁጭ ብሎ አይዞህ እያለ ሊጽፍ አይችልም።»

ኢንስፔክተሩ ስልኩን ለጋዜጠኛው መለሰለት።

«እያንዳንዷን ንግግር አነባለሁ ትላለህ፤ ግድግዳህ ላይ ተለጥፏል። አንብበህ ቢሆን ኖሮ ድምፁን ሰማሁ ትለኝ ነበር፣ እኔም ምን እንደምይዝ አላውቅም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ጊዜ ነበረህ። ልጅቷ የጻፈችውን ማንበብ ግን ትዝም አላለህ፤ ከጀመርክ ጀምሮ አንብበህ አታውቅማ።»

ከኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ተለማማጇ ፊት ዘረጋው። የሥራ ምስጢር ላለማውጣት የፈረመችው ውል ነበር። «ይህ ‹ለሦስተኛ ወገን› እንዳትናገሪ ይላል። ልጄ፣ እኔ ሦስተኛ ወገን አይደለሁም። የሞተውም አይደለም። እኔ እጅ ያለው ስልክ ላይ ያነበብኩት ጽሑፍ ብቻ ነው፤ እሱ ጠበቃ ቢይዝ ይከራከርበታል። ያንቺ ቃል ካልተጨመረበት ዛሬም የምትመለሺው ጣቢያ ነው። እውነቱን ንገሪኝ፤ ግን ማንም አያስገድድሽም።»

በፕላስተር የተጠቀለሉ ጣቶቿ ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

«እኔ ነበርኩ» አለች። «ስምንት ወር ሙሉ እኔ ነበርኩ። ቀን እዚህ፣ ማታ ቤቴ በስልኬ። ስጨርስ የድጋፍ ደብዳቤ ይሰጥሻል ተብዬ። ባለፈው ሳምንት እንቅልፍ ጣለኝ። አንዲት እናት ልጄ ተንቀጠቀጠብኝ ብላ ጻፈች። እኔ ካልመለስኩ ስልካቸው ላይ የሚታየው ‹እትዬ እያሰበች ነው› የሚል ብቻ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ እያሰበች ነው አላት። ጎረቤት ባይደርስላት ልጁ ይሞት ነበር።» የጣቷን ፕላስተር እየላጠች ቀጠለች። «ለመሐንዲሱ ነገርኩት። ይብቃ፣ ለጋዜጠኛው እነግረዋለሁ አለ። ደብዳቤዬን እስካገኝ ቆይልኝ ብዬ ለመንኩት። እኔ ነኝ የለመንኩት። እናቴን ቋሚ ሆንኩ ብያታለሁ።»

«ትናንትስ?»

«እሱ ሞቶ ሲገኝ...» ወደ ባለራእዩ አላየችም። «ጓዳ ነበርኩ እንዳትዪ አለኝ። እናቶቹን አታለላችሁ ብለው ሁላችንንም ያስሩናል፣ ወረቀት ልገዛ ወጣሁ በይ፣ ከመጪው ወር ቋሚ ነሽ አለኝ። ተንሸራቶ የወደቀ መስሎኝ ነበር። እስከ አሁን ድረስ መስሎኝ ነበር።»

ባለራእዩ ሊናገር አፉን ከፈተ። የተለመዱት ቃላት ግን አልመጡለትም። ሲናገር ድምፁ ወርዶ፣ ዕድሜውም ወርዶ የልጅ ሆነ።

«እጁን ብቻ ነው የያዝኩት። ጋዜጠኛው እስኪወጣ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቆይ ነው ያልኩት። አንተ አርፈህ ፎቶ ተነሣ፣ እኔ ልንገረው አለኝ። ሸሚዙን ያዝኩት። ጎተተ። ለቀቅኩት።»

«ከዚያ?»

የመለሰው ጋዜጠኛው ነው፣ በማያምን ድምፅ። «ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ዘጠኝ ከአርባ ላይ። ፎቶ አንሥቼዋለሁ። ክንዱን አጣምሮ ሣቀልኝ።»

ሳጅኑ ተነሥቶ ከባለራእዩ ጀርባ ቆመ። ይዞት ሲወጣ የሕዝብ ግንኙነቷ ስልክ ጮኸ፤ የቴሌቪዥን ጣቢያው ነበር፣ በመጨረሻ ልንመጣ ነው ሊል። አላነሣችውም።

ኢንስፔክተሩ ጉልበቱን ደግፎ ተነሣ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ የተሰማው ግን እዚያው ወንበር ላይ የመተኛት ፍላጎት ብቻ ነው። «እናትሽ ታች ናቸው» አላት። «ሂጂ ልጄ። ቃልሽን ነገ እንጽፈዋለን።»

እሷ ግን አልተነሣችም። «ከትናንት ጀምሮ ማንም አልመለሰላቸውም» አለች።

«ለማን?»

ጓዳው ድረስ ተከተላት። ስክሪኑ በመልእክት ሞልቷል። መቶ አርባ ሰባት እናቶች ጽፈዋል፤ ለሁሉም እትዬ እያሰበች ነበር። ባለራእዩን መኪና ውስጥ ለባልደረቦቹ አስረክቦ የተመለሰው ሳጅን በሩ ላይ ሆኖ ማስረጃ ስለሆነ መነካት የለበትም አለ። እውነቱን ነው፣ የለበትም። ኢንስፔክተሩ ግን ወንበሩን ሳበላትና ከኋላዋ ቆመ።

ልጅቷ ተቀመጠች። ለሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲደርስ አድርጋ ጻፈች። «እኔ ማሽን አይደለሁም። ሐኪምም አይደለሁም። ሰው ነኝ፣ እስከ ዛሬ ስመልስላችሁ የነበርኩት እኔ ነኝ። ዋሽቻችኋለሁና ይቅርታ አድርጉልኝ። ከእንግዲህ እዚህ የሚመልስላችሁ ሰው የለም፤ ልጃችሁ ካመመው ሐኪም ጋ ውሰዱት።»

ላከችውና እጆቿን ከሰሌዳው ላይ አነሣች። ስድቡን ስትጠብቅ ትከሻዋ ተኮማትሮ ነበር።

የመጀመሪያው መልስ ደቂቃ አልፈጀም። አንዲት እናት ነበረች፤ ስትጽፍ የቆየችው ከንጋቱ ጀምሮ ነው።

«እሺ የኔ እኅት፣ ገባኝ። ትኩሳቱ ግን አልወረደም፣ አሁን ደግሞ መጥባት እምቢ አለ። ብቻዬን ነኝ። ምን ላድርግ?»

ልጅቷ ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረች። እሱ መነጽሩን ሳያወጣ፣ ጎንበስ ብሎ አነበበው።

«የት ነሽ በያት» አለ። «ሌላኛዋ መኪና ታች ናት። ሳጅን፣ ሩጥ።»